ጎማ የምንገዛው ለየትኛው ሰዓት ነው? የጎዳና ጎማ፣ ሴሚ ስሊክ ጎማና የተሻሻለ መኪና

በምሕንድስና ፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር፤ ሙሉ ቃል



የዛሬው ርእሴ ለዩኒቨርሲቲ አዳራሽ አነስ ያለ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሞተሩ፣ ሞላውና ቸርኬው ለተቀየረ መኪና የሚሻለው ተራው የጎዳና ጎማ ነው ወይስ ሴሚ ስሊክ የሚባለው፣ ለውድድር ጎማ የሚቀርበው ዓይነት? ርእሱን የመረጥሁት ግን አንድ ያልከፈልሁት ዕዳ ስላለብኝ ነው። ስለዚህ ከዕዳው ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ከክፍል ስወጣ ኮሪደር ላይ አገኘኝ። ከአባቱ የተላለፈችለት አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ ነበረችው። ሞተሯን በሌላ የቶዮታ ሞተር ለውጦ፣ ሞላዋን አሳጥሮ፣ ባለ 13 ኢንች ቸርኬዋን በሰፊ ባለ 15 ኢንች ተክቶ ነበር። የቀረው ጎማ ብቻ ነው። «መምህር፣ የጎዳና ጎማ ላድርግላት ወይስ ሴሚ ስሊክ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔ ወደ ስብሰባ እየተጣደፍሁ ስለ ነበር ቆሜ አላደመጥሁትም። እየሄድሁ ዘወር ብዬ «ሰበቃው ከፍ ያለውን ምረጥ» አልሁት።

በዚያው ዓመት፣ በነሐሴ ወር፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርደው መንገድ ላይ ዝናብ እየጣለ ሳለ፣ መኪናዋ አንድ ኩርባ ላይ በኋላ ጎማዎቿ ተንሸራተተች። ተሽከርክራም ከመንገዱ ዳር ካለው ቦይ ገባች። እርሱ በደኅና ወጣ። አብራው የነበረችው ታናሽ እኅቱ ግን ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰበረ። በመስከረም ወደ ቢሮዬ መጣ። ሊወቅሰኝ አልመጣም፤ በእውነት ግራ ገብቶት ነበር። «መምህር፣ ሰበቃው ከፍ ያለውን ነበር እኮ ያደረግሁላት፤ ደግሞም ከ50 አላለፍሁም» አለኝ። ስሙን ሳልጠቅስ ታሪኩን እንድናገር ፈቅዶልኛል። የዛሬው ንግግሬ ያን ቀን ቆሜ ልመልስለት ይገባኝ የነበረው መልስ ነው።

አራት መዳፎች

መኪና ከምድር ጋር የምትገናኘው በአራት ቦታ ብቻ ነው። ዲኤክሷን እንውሰድ። ከነነጂዋ 900 ኪሎ ግራም ትመዝናለች እንበል። በእያንዳንዱ ጎማ ላይ በአማካይ 225 ኪሎ ግራም ያርፋል ማለት ነው። በጎማው ውስጥ ያለው ነፋስ 29 ፒኤስአይ፣ ማለትም 200 ኪሎ ፓስካል ያህል ቢሆን፣ ይህን ክብደት ለመሸከም አስፋልቱን የሚነካው ስፋት ወደ 110 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ የአንድ ጎልማሳ መዳፍ ያህል ነው። ሞተር ለመለወጥ ያወጣነው ገንዘብ፣ የፍሬኑ ጉልበት፣ የመሪው ትእዛዝ ሁሉ መንገድ ላይ የሚደርሰው በእነዚህ አራት መዳፎች በኩል ነው።

ከዚህ ቀላል ስሌት ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር ይወጣል። የነፋሱ ግፊት ካልተለወጠ፣ ሰፊ ጎማ ስላደረግን የመዳፉ ስፋት ብዙም አይጨምርም። የሚለወጠው ቅርጹ ነው፤ ወደ ጎን ይሰፋል፣ ወደ ፊት ያጥራል። ይህ የቅርጽ ለውጥ በደረቅ ኩርባ ላይ ይጠቅማል፤ በውኃ ላይ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ጎማ መንገድ የሚይዘው በምንድን ነው? በትምህርት ቤት የተማርነው የሰበቃ ሕግ ለእንጨትና ለብረት የተመቸ ነው፤ ጎማ ለዚህ ሕግ ሙሉ በሙሉ አይታዘዝም። ጎማ መንገድ የሚይዘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው መጣበቅ ነው፤ የጎማው ቅንጣቶች ከአስፋልቱ ገጽ ጋር ለቅጽበት ተያይዘው ይላቀቃሉ። ሁለተኛው መስረግ ነው፤ ለስላሳው ጎማ በአስፋልቱ ጠጠሮች መካከል እየሰረገ ይገባል፣ ሲወጣም ወደ ቀድሞ ቅርጹ የሚመለሰው ዘግይቶ ነው፣ በዚያ መዘግየት ውስጥ ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ውኃ በይበልጥ የሚያጠፋው የመጀመሪያውን፣ መጣበቁን ነው። ሁለተኛው በእርጥብ መንገድም ይሠራል፤ ነገር ግን ጎማው ሊሰርግ በሚችልበት ሙቀት ላይ መሆን አለበት።

ጧፍ ሠርታችሁ የምታውቁ ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል። ቀዝቃዛ ሰም በእጅ ቢይዙት ይንሸራተታል፣ ቢጫኑት ይሰበራል። በመዳፍ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ከክሩ ጋርም ይያያዛል። ሰሙ ያው ሰም ነው፤ ጠባዩን የለወጠው ሙቀት ነው። እያንዳንዱ ጎማም ጠባዩ የሚያምርበት የራሱ የሙቀት ክልል አለው።

ሁለቱ ጎማዎች በምን ይለያያሉ?

ስሊክ ማለት ጥርስ የሌለው ልሙጥ የውድድር ጎማ ነው። ሴሚ ስሊክ የእርሱ የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ በሕዝብ መንገድ ላይ እንዲነዳ የሚያስፈቅዱ ጥቂት ቦዮች ተቆርጠውለታል። ከጎዳና ጎማ በአራት ነገር ይለያል።

አንደኛ፣ ጥርሱ ጥቂት ነው፤ መንገድ የሚነካው ገጽ ይበዛል፣ ውኃ የሚወጣበት ቦይ ያንሳል። ሁለተኛ፣ ጥርሱ አጭር ነው፤ አዲስ የጎዳና ጎማ ብዙውን ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ሲኖረው፣ ሴሚ ስሊክ ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ቢኖረው ነው። ሦስተኛ፣ ጎኑ ጠንካራ ነው፤ በኩርባ ላይ አይተጣጠፍም፣ የመሪውን ትእዛዝ ፈጥኖ ይፈጽማል። አራተኛውና ዋናው የተቀመመበት ውሕድ ነው። የጎዳና ጎማ በብርድ ጠዋትም በቀትርም፣ በደረቅም በዝናብም እንዲሠራ ተደርጎ ተቀምሟል። የሴሚ ስሊክ ውሕድ ግን ጉልበቱን የሚሰጠው ከሞቀ በኋላ ነው፤ በአብዛኛው ከ60 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ክልል።

ገበያ ላይ ብዙ ወጣቶች በጎማው ጎን ላይ ያለ አንድ ቁጥር አይተው ሲመርጡ አያለሁ። ይህ ቁጥር የአሜሪካ መንግሥት ባወጣው የደረጃ ሥርዓት መሠረት የሚጻፍ የመልበስ ቁጥር ነው። መለኪያው 100 የተባለ ማነጻጸሪያ ጎማ ሲሆን፣ 200 የተጻፈበት ጎማ በፈተናው መንገድ ላይ የዚያን እጥፍ ዕድሜ ይኖረዋል ተብሎ ይገመታል። ለምሳሌ የሚሽላን ፓይለት ስፖርት 4ኤስ፣ ፈጣን የጎዳና ጎማ ሆኖ፣ 300 ተጽፎበታል፤ የዮኮሃማ አድቫን ኤ052፣ ለሴሚ ስሊክ የሚቀርበው፣ 200 ተጽፎበታል። ታዲያ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ቁጥሩን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ስለ ሆነ የአንዱን ፋብሪካ 200 ከሌላው 200 ጋር ማስተካከል አይቻልም። ደግሞም ቁጥሩ የሚናገረው ስለ መልበስ እንጂ ስለ መያዝ አይደለም። በአሜሪካ ከ200 በታች የተጻፈበትን ጎማ የማያስገቡ የውድድር ምድቦች ስላሉ፣ አምራቾች 200 ጽፈው በተቻለ መጠን የሚጣበቀውን ጎማ ለመሥራት ይፎካከራሉ። ከቁጥሩ አጠገብ ኤኤ፣ ኤ፣ ቢ ወይም ሲ ተብሎ የሚጻፈው ሌላ ደረጃ በእርጥብ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ የመቆም ችሎታን ይመለከታል፤ ለእኛ ክረምት የሚቀርበው እርሱ ነው፤ ነገር ግን እርሱም ቢሆን ስለ ኩርባ የሚለው የለም።

ያልሞቀ ጎማ

ጎማ የሚሞቀው ሥራ ሲሠራ ነው። ሥራውን የሚሰጡት ክብደት፣ ፍጥነት፣ ብርቱ ፍሬንና በተከታታይ የሚመጡ ኩርባዎች ናቸው። በዝግ የውድድር ሜዳ ላይ አንድ ከባድና ብርቱ መኪና ሁለት ሦስት ዙር ሲዞር ሴሚ ስሊኩን ወደሚፈለገው ሙቀት ያደርሰዋል።

የእኛን ዲኤክስ ደግሞ ተመልከቱ። ቀላል ናት። ሞተሯ ቢለወጥም የአዲስ አበባ አየር ቀጭን ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል። ይህች ቀላል መኪና ሰፊ ጎማ ለብሳ፣ በትራፊክ መካከል በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄደች፣ በሐምሌና በነሐሴ ምሽት አየሩ ወደ 10 ዲግሪ በወረደበት፣ ቀዝቃዛ ውኃ ያለማቋረጥ ጎማዋን እያጠበው ትጓዛለች። ሙቀቱ ከየት ይምጣ? ያ ልጅ ከሽሮ ሜዳ እስከ ኮተቤ ቢነዳ፣ ቢመለስም፣ ጎማው ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ወደ 60 ዲግሪ አይቀርብም ነበር። በመጽሐፍ ላይ ያየነው ከፍተኛ የሰበቃ ቁጥር ለእርሱ መኪና በወረቀት ላይ የቀረ ሀብት ነበር።

ስለ ውኃ

በእርጥብ መንገድ ላይ የጎማ የመጀመሪያ ሥራ ውኃን መግፋት ነው። 195 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ፣ 3 ሚሊ ሜትር ውኃ በተኛበት መንገድ ላይ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በእያንዳንዱ ሴኮንድ ወደ 10 ሊትር ውኃ ከፊቱ ያገኛል። እናቶቻችን የሚሸከሙት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በየሁለት ሴኮንዱ አንዴ ይደፋበታል ማለት ነው፤ ለአንዱ ጎማ ብቻ። ይህ ውኃ በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ማምለጥ አለበት። ካላመለጠ ከጎማው ሥር እንደ ሽብልቅ ይገባና ጎማውን ከአስፋልቱ ያነሣዋል። መሪው በእጃችን ይቀላል፤ ፍሬኑም መሪውም የሚያዝዙት አያገኙም።

ይህን ክስተት የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ተቋም ናሳ ተመራማሪዎች ዋልተር ሆርንና ሮበርት ድሬየር በ1963 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት ለአውሮፕላን ጎማ አስልተውታል። ውኃው ጥርሱ ሊያስወጣው ከሚችለው በላይ ሲሆን፣ ጎማው የሚንሳፈፍበት ፍጥነት ከነፋሱ ግፊት ስኩዌር ሩት ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። ለእኛ መለኪያ ስናመቻቸው፣ በፒኤስአይ ያለውን የግፊት ስኩዌር ሩት በ16.65 ብናባዛ ፍጥነቱን በሰዓት ኪሎ ሜትር ያህል እናገኛለን። በ32 ፒኤስአይ 94 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በ24 ፒኤስአይ ወደ 82 ይወርዳል። ሰፊና አጭር መዳፍ ያለው የመኪና ጎማ ከዚህም ባነሰ ፍጥነት ሊንሳፈፍ ይችላል።

እዚህ ላይ የተሻሻለ መኪና ያላቸው ወጣቶች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። በውድድር ሜዳ ሴሚ ስሊክ ሲሞቅ የውስጡ ነፋስ ስለሚጨምር ተወዳዳሪዎች ገና በብርዱ ነፋሱን ዝቅ አድርገው ይጀምራሉ። ያ ልጅም ይህን አንብቦ የአራቱንም ጎማ ነፋስ ወደ 24 አውርዶት ነበር። የእርሱ ጎማ ግን አልሞቀም፣ ነፋሱም አልጨመረም። ከውድድር ሜዳ ልማዱን ወስዶ ልማዱን ያስገኘውን ሙቀት አልወሰደም።

የኩርባው ስሌት

እርሱ የነገረኝ ፍጥነት 50 ነው። በ50 ሙሉ በሙሉ መንሳፈፍ አይጠበቅም። ታዲያ ምን ሆነ? አንድ ቅዳሜ ጠዋት አብረን ወደ ኩርባው ወጣንና በሜትር ለካነው። የኩርባው ሬዲየስ 35 ሜትር ያህል ሆኖ አገኘነው። በዚህ ኩርባ ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ለመታጠፍ 0.56 የሆነ የሰበቃ ቁጥር ያስፈልጋል።

አሁን የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ለስሌት እንዲያመቹን የወሰድኋቸው የምሳሌ ቁጥሮች ናቸው። ጥርሱ ያላለቀ የጎዳና ጎማ በእርጥብ አስፋልት ላይ 0.6 ይኑረው። ቀዝቃዛና ያረጀ ሴሚ ስሊክ ደግሞ 0.4 ይኑረው። የመጀመሪያው ያንን ኩርባ እስከ 51 ኪሎ ሜትር ይታጠፈዋል፤ ለጥቂት ያልፋል። ሁለተኛው በ42 ያበቃለታል። ቁልቁለቱ ላይ ነጂው ደንግጦ እግሩን ከነዳጅ ሲያነሣ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው ይቀልላል። ዲኤክስ በኋላ ጎማዋ የምትገፋ መኪና ስለ ሆነች፣ ሞተሩ ወደ ኋላ ሲይዝም የሚይዘው እነዚያኑ የቀለሉትን የኋላ ጎማዎች ነው። የሆነው ይኸው ነው።

ለማቆምም እንመልከት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ፍሬን ከያዘ በኋላ፣ በደረቅ መንገድ 0.9 ባለው የጎዳና ጎማ በ16 ሜትር ገደማ ትቆማለች፤ 1.1 ባለው የሞቀ ሴሚ ስሊክ በ13 ሜትር። ትርፉ ሦስት ሜትር ነው። በእርጥብ መንገድ፣ 0.6 ባለው የጎዳና ጎማ በ24 ሜትር ገደማ ትቆማለች፤ 0.4 ባለው ቀዝቃዛ ሴሚ ስሊክ በ35 ሜትር። ኪሳራው ከ11 ሜትር በላይ ነው። ከዚህም የከፋው፣ የመጀመሪያዋ መኪና በቆመችበት ቦታ ላይ ሁለተኛዋ ገና በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር እየሄደች ነው። እዚያ ቦታ ላይ የሚሻገር ሰው ካለ፣ የምንነጋገረው ስለ ጎማ መሆኑ ያበቃል።

ትርፉና ኪሳራው እኩል አይደሉም፤ የሚመጡበትም ሰዓት አንድ አይደለም። ሦስቱን ሜትር የምናተርፈው በምንዝናናበት ሰዓት ነው፤ ዐሥራ አንዱን የምንከስረው ባልመረጥነው ሰዓት።

የተደበቀው ዕድሜ

በመስከረም ያን ልጅ ጎማዎቹን ወደ ቤተ ሙከራችን እንዲያመጣ ጠየቅሁት። ከአንድ ሻጭ ያገለገሉ ሆነው የተገዙ ናቸው። ከላይ ሲታዩ ጥቁርና ንጹሕ ነበሩ። በጎናቸው ላይ ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ በኋላ የሚመጡትን የመጨረሻ አራት አኃዞች አነበብን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ያመለክታሉ፤ 2319 ቢል በ2019 (እ.ኤ.አ.) 23ኛው ሳምንት ማለት ነው። የእርሱ ጎማዎች ዘጠኝ ዓመት ሞልቷቸው ነበር። በጥፍራችን ብንጫናቸው እንደ ቆዳ ጫማ ደርቀዋል። የጥርሳቸው ጥልቀት በውስጠኛው ጠርዝ 2 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በብዙ አገሮች በሕግ የተወሰነው ዝቅተኛ ልክ 1.6 ስለ ሆነ፣ በሕግ ፊት ገና አላለቁም።

ሴሚ ስሊክ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ውሕዱ ይጠነክራል። ስለዚህ ጥርሱ ሳያልቅ ጉልበቱ ያልቃል። ከውድድር ሜዳ ተርፎ ወደ ገበያ የሚመጣ ያገለገለ ሴሚ ስሊክ ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት የተጣለ ነው። ጎሚስታዎቻችን ቀዳዳንና የተበላ ጥርስን በዓይን ያውቃሉ፤ ይህን ዓይነቱን ድካም ግን ዓይን አያየውም። ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ጎማ ቸርኬው ላይ ከመግባቱ በፊት አራቱን አኃዝ ለባለቤቱ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

የሴሚ ስሊክ ሙሉ ዋጋ

ሴሚ ስሊክን ለመክሰስ እንዳልመጣሁ መናገር ይገባኛል። በሚገባው ቦታ ሲሠራ ድንቅ የምሕንድስና ፍሬ ነው። ነገር ግን ዋጋው በጎማ ሻጩ ዘንድ አያልቅም።

ጎማው አጥብቆ ሲይዝ ኃይሉ ወደሚቀጥለው ደካማ ክፍል ይተላለፋል። ነጂው ዘግይቶና አጥብቆ ፍሬን ይይዛል፤ ፍሬኑ ይግላል። ተራው ዲኦቲ 3 የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት ይጠበቅበታል፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን ይህ ልክ ወደ 140 ይወርዳል። ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። በረጅም ኩርባ ላይ የሞተር ዘይት ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ ፓምፑ አየር ይስባል፤ ሞተሩ ያለ ዘይት ይዞራል። ለጠባብ ጎማ የተሠሩት ኩሽኔታና ቴስቲና ያልታሰበላቸውን ጭነት ይሸከማሉ። አርባ ዓመት ያገለገለች መኪና ላይ ይህ ሁሉ ቀድሞ መታየት አለበት። የጎዳና ጎማ ከእነዚህ ክፍሎች ቀድሞ ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተትም አስቀድሞ ይጮኻል፣ ቀስ ብሎ ይለቃል፣ ነጂውን ያስተምረዋል። ሴሚ ስሊክ በአብዛኛው ያለ ብዙ ማስጠንቀቂያ ይለቃል፤ ያውም ከፍ ባለ ፍጥነት ላይ።

ስለዚህ መኪናውን አሻሽሎ መንዳትን ገና ለሚማር ወጣት፣ ጥሩ የጎዳና ጎማ ከችሎታው በታች የሆነ ዕቃ አይደለም። በተሻሻለ መኪና ላይ ከሚወጣው ገንዘብ ሁሉ በመጀመሪያ ለአዲስ የጎዳና ጎማ፣ ቀጥሎ ለፍሬን፣ ሦስተኛ ለሞላ ቢወጣ፣ ለሞተር የሚተርፈው ትንሽ ቢሆን እንኳ መኪናዋ ፈጥናና ደኅና ሆና ትገኛለች።

ዝግ ሜዳ ላይ በደረቅ ወራት የሚነዳ፣ ሙቀት የሚፈጥር መኪና ያለው፣ ፍሬኑንና ዘይቱን ያዘጋጀ ሰው ሴሚ ስሊክ ቢገዛ ትክክል ነው። እርሱም ቢሆን ሌላ አራት ቸርኬ ከነጎዳና ጎማው ይኑረው። ወደ ሜዳው በጎዳና ጎማ ይሂድ፣ እዚያ በክሪክ አንሥቶ ይቀይር፣ ሲጨርስ ቀይሮ ወደ ቤቱ ይመለስ። ልፋቱ የግማሽ ሰዓት ነው። ሁለተኛ ቸርኬ ለመግዛት አቅም ከሌለው ግን ጥያቄው ተመልሷል፤ አንድ ጎማ ብቻ ያለው ሰው የጎዳና ጎማ ይግዛ።

መጠየቅ የነበረብኝ

አሁን ወደ ኮሪደሩ ልመለስ። ያን ቀን ቆሜ ቢሆን ኖሮ ከመመለሴ በፊት አምስት ነገር እጠይቀው ነበር። መኪናህ በዓመት ውስጥ ስንት ሰዓት በዝግ ሜዳ፣ ስንት ሰዓት በከተማ ትውላለች? ጎማውን ለማሞቅ የሚበቃ ክብደትና ፍጥነት አላት? ክረምት ሲገባ የምትቀይርበት ሌላ ጎማ አለህ? ፍሬኗና ኩሽኔታዋ ለሚጨምረው ጭነት ዝግጁ ናቸው? አምስተኛው ደግሞ፣ ከጎንህ ማን ይቀመጣል?

ከእነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ የሰበቃን ቁጥር የሚመለከት አንድም የለም። ቁጥሩን እኔ አውቀው ነበር፤ ስለ እርሱ ኑሮ ግን የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ለመጠየቅም ሁለት ደቂቃ አልሰጠሁትም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ያን ቀን ያፈሰስሁትን የለቀመችው ግን የሰው እኅት ናት። እዚህ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች ነገ መሐንዲስ ስትሆኑ «የቱ ይሻላል?» የሚል ጥያቄ በየቀኑ ይቀርብላችኋል። ጥያቄው ሙሉ አይደለም፤ ለማን፣ የት፣ መቼ የሚሉትን ራሳችሁ እስክትሞሉት ድረስ አትመልሱት።

ጎማን በሚመለከት ደግሞ መለኪያችሁ ይህ ይሁን፤ ጎማ የሚገዛው በዓመቱ ውስጥ ለምንነዳባት እጅግ ክፉ ሰዓት ነው። ለእኛ ከተማ ያቺ ሰዓት የነሐሴ ምሽት ናት፤ ቁልቁለት፣ ዝናብ፣ ብርድ፣ ከፊት ለፊት የሚሻገር ሰው። በዚያች ሰዓት የሚያገለግል ጎማ በጥር ቀትር በእርግጥ ጥቂት ይዘገያል፤ በጥር ቀትር ግን መዘግየት ማንንም አይጎዳም።

ያ ልጅ ዛሬ መሐንዲስ ሆኗል። የእኅቱ ክንድ ድኗል፤ በብርድ ቀን ግን ያማታል ብሎኛል። ዲኤክሷን አልሸጣትም። አዲስ የጎዳና ጎማ አድርጎላታል፤ ነፋሱን በየሁለት ሳምንቱ፣ ጎማው ሳይሞቅ ጠዋት ይለካል። ባለፈው ክረምት እኅቱ አብራው በዚያው መንገድ ወርዳለች። ሲደርሱ ስልክ ደውሎ «መምህር፣ በ35 ወረድን» አለኝ። ከዚህ የተሻለ የፈተና ውጤት ከአንድም ተማሪዬ አልተቀበልሁም።